ናስ (የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን) ልገዛ ነው፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት ከምን ልጀምር?

ሳሪስ ስቱዲዮ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርግ፣ መልስና ክርስትና እቀርጻለሁ፤ ኤዲቱን የምንሠራው ቤት ነው፣ እኔና ወንድሜ። እስካሁን ሥራው ሁሉ ያለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። መሳቢያ ሙሉ ዲስክ አለን። ላያቸው ላይ የሙሽሮቹን ስም በፕላስተር ለጥፈናል፣ ግን አንድ ደንበኛ ከዓመት በኋላ ደውሎ «እናቴ ስትመርቀን ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ ላኩልኝ» ሲል አንድ በአንድ እየሰኩ መፈለግ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንደኛው ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፣ ኮምፒውተሩ አንዴ ያየዋል አንዴ አያየውም፣ እና እሱ ላይ የሁለት ቤተሰብ ሰርግ አለ።

ስለዚህ ናስ፣ ማለትም ብዙ ዲስክ ይዞ በቤት ኔትወርክ ሁላችንም የምንከፍተው ሳጥን፣ ልንገዛ አስበናል። ጠቅላላ ያለን ወደ 7 ቴራ ይሆናል፣ በየዓመቱ ጥር ላይ በአንዴ ይጨምራል። ሁለት ዲስክ የሚይዝ ይበቃናል? ዲስኩስ የትኛው ይሁን? መርካቶ በብዛት ያየሁት ለደህንነት ካሜራ የሚሆነውን ሐምራዊውን ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን መብራት ነው። እኛ ሰፈር ይሄዳል ይመጣል፣ ሲመጣም አምፖሉ ቦግ ብሎ ነው የሚመጣው። እንደዚህ ባለ ቤት ቀንና ሌሊት የሚሠራ ዕቃ ማስቀመጥ ያዋጣል ትላላችሁ? ከቻልኩ ደግሞ ከቤት ውጭ ሆኜም ፋይል ማውጣት እፈልጋለሁ፣ ደንበኛ ጋ ቁጭ ብዬ ለማሳየት። የምታውቁትን ንገሩኝ።

መስመር ዘርጊ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀጭ ቀጭ የሚለውን ዲስክ ንቀዪው። «እስቲ ልሞክረው» ብለሽም አትሰኪው። ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ሄድ ቦታውን ሲያጣ የሚመጣ ነው፣ በሰካሽው ቁጥር የተረፈውንም ሊፍቀው ይችላል። ሰርጎቹ ሌላ ቦታ ከሌሉ ከኢንተርኔት በወረደ ሶፍትዌር አትነካኪው፣ ዲስክ ከፍቶ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጪው።

ወደ ናሱ ልምጣ። ብዙ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከሳጥኑ ነው፤ ሲኖሎጂ ይሻላል፣ የለም ኪውናፕ ይሻላል። እኛ አገር ግን መጀመሪያ የሚገዛው ዩፒኤስ ነው፣ መብራት ሲሄድ ዕቃውን በባትሪ የሚይዘው። የምሬን ነው የምልሽ። ገንዘቡ አልበቃ ካለ በአንድ ዲስክ ጀምሪና ሁለተኛውን በኋላ ጨምሪ፣ ዩፒኤሱን ግን «ቆይቶ ይደርሳል» አትበዪ።

ናስ ማለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፋይል ስትልኪለት ሁሉንም ወዲያው ዲስክ ላይ አይጽፍም፣ መጀመሪያ ራም ላይ ይይዝና ቀስ እያለ ያወርደዋል። በዚህ መሀል መብራት ድርግም ካለ ራም ላይ የነበረው ጠፋ ማለት ነው። የጠፋው እየተላከ የነበረው ፋይል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሲስተሙ የፋይሎቹን ማውጫ እያደሰ ሳለ ከተቋረጠ ግን ቮልዩሙ፣ ማለትም ፋይሎቹ ያሉበት ቦታ በሙሉ፣ አልከፈት ሊል ይችላል። ሁለት ዲስክ መኖሩ እዚህ ጋ አያድንሽም፣ ምክንያቱም የተበላሸው ነገር ሁለቱም ላይ እኩል ነው የሚጻፈው።

ስትገዢ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ቮልቴጁ ሲወርድና ሲወጣ ሁልጊዜ ወደ ባትሪ ሳይሮጥ ራሱ ያስተካክለዋል፣ ስለዚህ ለብቻ ስታቢላይዘር አያስፈልግሽም። ከኋላው ደግሞ ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ቀዳዳ ይኑረው። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያውን አይደለም የምልሽ። ካርቶኑን አስከፍተሽ በዓይንሽ እዪው፣ ኬብሉም ውስጥ መኖሩን አረጋግጪ። ባለ ሁለት ዲስክ ናስ ሲሠራ የሚበላው 20 ዋት አካባቢ ነው፣ ራውተሩን ስትጨምሪ 30 ገደማ ይሆናል። 650 ቪኤ የሆነች ትንሽ ዩፒኤስ ባትሪዋ አዲስ ከሆነ ሁለቱን ግማሽ ሰዓት ያለ ችግር ትይዛለች። ፕሪንተር፣ የኤዲት ኮምፒውተር፣ ካውያ ምናምን እሷ ላይ አይሰካም።

ከዚያ ዩኤስቢውን ከናሱ ጋር አገናኚው። ሲኖሎጂ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ሃርድዌርና ፓወር የሚለው ጋ ገብተሽ የዩፒኤስ ድጋፉን ታበሪና መብራት ከሄደ ከ5 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲዘጋ ታዢዋለሽ። ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቅ የሚለውን አትምረጪ፤ ያረጀ ባትሪ ግማሽ አለኝ እያለ በድንገት ነው ዜሮ የሚገባው። ከዚያ ደግሞ ሞክሪው። ሥራ በሌለበት ሰዓት የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳ ንቀዪና አጠገቡ ቁጭ በዪ። ዩፒኤሱ ጢው ጢው ይላል፣ አምስቷ ደቂቃ ስትሞላ ናሱ ፋይሎቹን ዘግቶ ራሱን ማሳረፍ ይጀምራል። ይሄን በዓይንሽ ሳታዪ «ተሠርቷል» ብለሽ እንዳትተዪው። የዩፒኤስ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፣ ሙቅ ቦታ ከሆነ ከዚያም ያንሳል፣ ስለዚህ በየስድስት ወሩ ይህንኑ ሙከራ ድገሚው።

አንድ ሌላ ነገር። መብራት ሲመለስ ናሱ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ። እኔ ለደንበኞቼ አጠፋዋለሁ። እኛ ጋ መብራት ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አይመጣም፤ መጥቶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ሲረጋጋ በእጅ ማብራት ይሻላል።

ሁለት ዲስክ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ዲስኮቹ ሬይድ 1 ሲሆኑ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ ስለዚህ የምታገኚው የአንዱን መጠን ብቻ ነው። 8 ቴራ የሚል ዲስክ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ 7.27 ነው የሚለው፣ ቮልዩም እስከ አፉ ሲሞላ ደግሞ መንቀርፈፍ ይጀምራል። 7 ቴራ ይዘሽ ሁለት ባለ 8 ብትገዢ በሚቀጥለው ጥር ቦታ ትፈልጊያለሽ። ወይ ሁለት ባለ 12 ግዢ፣ ወይ አራት ዲስክ የሚይዝ ሳጥን ገዝተሽ በሦስት ዲስክ ጀምሪ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነበር የማደርገው፣ ሥራሽ እያደገ ነውና።

ከፍራንክፈርት፦

ስለ ዲስኩ እኔ ልጨምር፣ ከዚህ ለዘመድ እየገዛሁ የምልከው ነገር ስለሆነ።

ተመሳሳይ መጠን፣ ተመሳሳይ ቅርፅ ያላቸው ዲስኮች ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አላቸው፦ ሲኤምአርና ኤስኤምአር። ሲኤምአሩ የሚጽፍባቸውን መስመሮች፣ ትራኮቹን፣ ሳይደርብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ኤስኤምአሩ ግን ቦታ ለመቆጠብ ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ጠርዝ ላይ ደርቦ ይጽፋል። አንዱን ለመቀየር የተደረበበትን ሁሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ፎቶ አንዴ አስቀምጦ ለመተው ችግር የለውም። ናስ ውስጥ ግን አንድ ዲስክ ሞቶ በአዲስ ስትተኪ፣ አዲሱ ኤስኤምአር ከሆነ ግልባጩን ለመጨረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ «ይሄም ሞቷል» ብሎ ያስወጣዋል። በ2020 ትልቅ ጫጫታ የነበረው በዚህ ነው። ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች ከ2 እስከ 6 ቴራ ያሉት አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸው የታወቀው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲኤምአሩን ሬድ ፕላስ ብለው ለዩት። ስለዚህ ሬድ የሚል ካየሽ ፕላስ ወይም ፕሮ የሚል ከጎኑ መኖሩን እዪ። ሲጌት ከሆነ አይረንዎልፍ ውሰጂ፣ ሁሉም ሲኤምአር ናቸው። ባራኩዳ የሚለውን 4 ወይም 8 ቴራ ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትወስጂ፣ እሱ ኤስኤምአር ነው።

ያየሽው ሐምራዊ ከብዙ ካሜራ ያለማቋረጥ ለመጻፍ የተዘጋጀ ነው፣ ቀንና ሌሊት መሥራትም ይችላል። ናስ ውስጥ አይሠራም አልልም፣ ሌላ ከጠፋ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከባራኩዳው ግን በጣም ይሻልሻል።

ከውጭ የምታስመጪ ከሆነ ደግሞ ይሄን ልብ በዪ። በ2025 መጀመሪያ እዚህ ጀርመን ያገለገሉ የሲጌት ኤክሶስ ዲስኮች አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኝተዋል፤ የሠሩበት ሰዓት መቁጠሪያ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። የዲስክ ጤንነት የሚያሳየው ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ የሚያሳየውን ሰዓት ብቻ አይቶ ማመን አይቻልም። ሲጌት ላይ ፋርም የሚባል ሌላ መዝገብ አለ፣ ስማርትሲቲኤል በሚባለው ነፃ መሣሪያ ይነበባል፣ ሁለቱ ሰዓቶች ካልተገናኙ ዲስኩ አሮጌ ነው። ሴሪያል ቁጥሩንም ፋብሪካው ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ዋስትናው መቼ እንደሚያልቅ እዪ። ዋስትና ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አካባቢ ስለሆነ፣ የሚያመጣልሽ ሰው ተመልሶ የሚሄድ ቢሆን ጥሩ ነው። ዲስኩ በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ ከነፀረ ስታቲክ ከረጢቱ፣ በልብስ ተጠቅልሎ። ካርጎ ውስጥ ሻንጣ ሲወረወር ታውቂያለሽ።

ስለ ከፍታም የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሄዱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፣ ስለዚህ ከፍታ ይመለከተዋል። ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት ገደብ ግን 3,048 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ሳሪስ ያለ ሰው በዚህ አይጨነቅ። እንጦጦ አናት ላይ የሚኖር ካለ ሂሊየም የተሞላና የታሸገ ትልቅ ዲስክ ቢወስድ ይሻለዋል።

አሮጌ ፒሲ፦

እኔ ትንሽ ልለይ። ዩፒኤሱ ላይ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ግን ለባዶ ሳጥን ያን ያህል ብር ለምን? ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የቢሮ ዴስክቶፖች፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው። ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ትጭኛለሽ፣ የቀረውን በብራውዘር ነው የምታስተካክዪው፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ትሩናስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም የምትፈልጊ ከሆነ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል።

ትልቁ ጥቅም ጥገናው ነው። የተገዛ ናስ ቦርዱ ቢቃጠል መለዋወጫ እዚህ አታገኚም፣ ከውጭ እስኪመጣ ሥራሽ ቆመ ማለት ነው። ፒሲ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላዩም ቦርዱም በማንኛውም ቀን ይገኛል፣ ወይም ዲስኮቹን ነቅለሽ ሌላ ፒሲ ውስጥ ትሰኪያለሽ፣ የሊኑክስ ሬይድ ስለሆነ ያውቃቸዋል።

ስትመርጪ ቁመቷ አጭር የሆነችውን ቀጭን ኬዝ አትውሰጂ። ትልቁ 3.5 ኢንች ዲስክ አንድ ብቻ ነው የምትይዘው። ታወሩን ፈልጊ፣ ሽፋኑን አስከፍተሽ የዲስክ ማስቀመጫውንና ቦርዱ ላይ ያሉትን የሳታ (የዲስክ ኬብል) ቀዳዳዎች ቁጠሪ። ኤክስተርናል ዲስኮችሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ሬይድ ልሥራ እንዳትዪ ደግሞ፣ ዩኤስቢ ለአፍታ ሲቋረጥ ሬይዱ ይፈርሳል።

መስመር ዘርጊ፦

አሮጌ ፒሲ የተናገረው ስለ መለዋወጫው እውነት ነው፣ እኔም ለራሴ ቢሆን እንደሱ ነበር የማደርገው። ግን እሷ ቀራጭ ናት፣ ጥር ላይ ሰርግ ተደራርቦባት ሊኑክስ ስታስታምም ማየት አልፈልግም። ወንድምየው ኮምፒውተር መነካካት የሚወድ ከሆነ ፒሲው ያዋጣል፣ ካልሆነ የተዘጋጀውን ትግዛ። የሲኖሎጂ ዲስኮችም ቢሆን ሳጥኑ ቢሞት ሊኑክስ ያለበት ፒሲ ላይ ይነበባሉ፣ ውስጡ ያው የሊኑክስ ሬይድ ነው። በ2025 የወጡት የሲኖሎጂ ፕላስ ሞዴሎች የራሱ የኩባንያው ዲስክ ካልሆነ አንቀበልም ብለው ነበር፤ ኦክቶበር 2025 ላይ በወጣው ዲኤስኤም 7.3 (የሲኖሎጂ ሲስተም) ገደቡ ስለተነሳ መጀመሪያ ሲስተሙን አፕዴት ማድረግ እንዳይረሳ።

ቪዲዮ ቆራጭ፦

እህት፣ ከኤዲት በኩል ብቻ አንድ ሁለት ነገር። ናሱ ላይ ያለውን 4ኬ ጥሬ ቪዲዮ ቀጥታ ታይምላይን ላይ አትክፈቺው። እየተሠራበት ያለው ሰርግ የኮምፒውተርሽ ኤስኤስዲ ላይ ይሁን፣ ጥሬው ግን ካርዱ ከካሜራ በወጣበት ማታ ናሱ ላይ ይግባ፣ ካርዱም ናሱ ላይ መግባቱን ሳታረጋግጡ ፎርማት አይደረግ። ሥራው ሲያልቅ ፕሮጀክቱና የመጨረሻው ቪዲዮ ተመልሶ ናሱ ላይ ይገባል። ለወንድምሽ ላፕቶፕ ደግሞ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲት የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሥሩለት፣ ያኔ ከናሱም ቢከፍተው አይንተባተብም።

የፎልደር ስም ላይ አሁኑኑ ተስማሙ። ደንበኛ የሚጠራሽ «የጥር 18ቱ» ብሎ ነው፣ ካሜራው ግን የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው። እኛ ሁለቱንም እንጽፋለን፣ ፈረንጁ ከፊት፦ «2025-01-26 ጥር 18 2017» ከዚያ የሙሽሮቹ ስም። ከፊት ዓመት፣ ወር፣ ቀን ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በተራ ይደረድረዋል፣ «ጥር 18» ብለሽ ስትፈልጊም ይመጣል። በውስጡ ጥሬ፣ ፕሮጀክት፣ ያለቀ የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ብቻ።

ሳሪስ ስቱዲዮ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲስኩን ነቅዬ ለባለሙያ ሰጥቼዋለሁ፣ ተስፋ አለው ብሎኛል። ዩፒኤሱን መጀመሪያ ገዛሁ፣ ባለ አራት ዲስክ ሳጥንና ሦስት ባለ 8 ቴራ አይረንዎልፍ በዘመድ መጣልኝ፣ ሬይድ 5 አድርገነዋል፣ ከሦስቱ አንዱ ቢሞት ዳታው እንዳይጠፋ። የመንቀሉን ሙከራ ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን አየነው፣ ልክ እንዳልከው ራሱን ዘጋ።

አሁን የቀረኝ፦ ፋይል ስልክ 11 ሜጋ በሰከንድ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። የወንድሜ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ያለ ፓስወርድ የከፈትነውን ፎልደር አልገባም ይላል። ከውጭ ለመግባትስ ራውተር ላይ ፖርት (ከኢንተርኔት ወደ ቤት መግቢያ በር) ክፈቺ ያለኝ ሰው አለ፣ ልክፈት? እናታችን ናዝሬት ናት፣ እሷ ጋ አንድ ቅጂ ማስቀመጥ ይጠቅማል?

መስመር ዘርጊ፦

11 ሜጋ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዲስኩን አትጠርጥሪው። መስመርሽ 100 ሜጋ ቢት ነው ማለት ነው፣ ከዚያ መስመር የሚወጣው ከፍተኛው 11 ወይም 12 ሜጋ ባይት ነው። ለቤት የሚሰጡ ብዙ ራውተሮች የኬብል ቀዳዳቸው 100 ብቻ ነው። አምስት ቀዳዳ ያላት ጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ) ግዢ፣ ናሱንና ሁለቱን ኮምፒውተሮች እሷ ላይ ሰኪ፣ ከእሷ አንድ ኬብል ወደ ራውተሩ። ያኔ ወደ 110 ይወጣል። 200 ጊጋ የሆነ ሰርግ አሁን አምስት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጅብሽ፣ ያኔ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ስዊች ገብቶም 11 ላይ ከቀረ ኬብሉን እዪው። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ በእጅ የተመታ ኬብል ላይ አንዷ ሽቦ በደንብ ካልተያዘች ወደ 100 ይወርዳል። ቴስተር ያለው ልጅ ቶሎ ያገኘዋል። ስዊቿንም ዩፒኤሱ ላይ ሰኪያት። ለናሱ ራውተሩ ላይ ቋሚ አይፒ ያዢለት፣ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አድራሻው ሊቀየርና «ናሱ ጠፋ» ልትዪ ነው።

የዊንዶውሱ ጉዳይ የታወቀ ነው። 24ኤችቱ ከሚባለው አፕዴት ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ያለ ፓስወርድ የሚከፈትን ፎልደር በብዙ ኮምፒውተር ላይ አይቀበልም። ዊንዶውሱን አታስገድዱት፣ ለአንቺና ለእሱ ለየብቻ ስምና ፓስወርድ ፍጠሩ። ያለቀ ሥራ ያለበትን ፎልደር እሱ እንዲያይ እንጂ እንዳይሰርዝ ማድረግም ትችያለሽ። ስናፕሾትም አብሪ፤ በየቀኑ አንድ፣ ለአንድ ወር ያህል እንዲቆይ። የተሰረዘ ነገር ሬይዱ ላይ ከሁሉም ዲስክ እኩል ነው የሚጠፋው፣ ስናፕሾት ካለ ግን የትናንቱን ከፍተሽ ታወጪዋለሽ።

ፖርት እንዳትከፍቺ። በፍጹም። ጃንዋሪ 2022 ላይ ዴድቦልት የሚባለው ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ የኪውናፕ ናሶችን ፋይል ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ጁን 2021 ደግሞ የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ የሚባሉት፣ ከ2015 ጀምሮ አፕዴት ያልደረሳቸው፣ በአንድ ሰሞን ከያሉበት ዳታቸው ተጠረገ። የተመቱት ሰዎች ዳታቸውን ማንም ይፈልገዋል ብለው አላሰቡም ነበር፤ ይሄን የሚሠራው ፕሮግራም ማን እንደሆንሽ አያውቅም፣ ክፍት በር ነው የሚፈልገው። ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የሚለውንም፣ ዕቃዎች በራሳቸው ፖርት እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን፣ አጥፊው፣ ናሱ ላይ አድሚን የሚለውን ስም ዝጊና ሌላ ስም ተጠቀሚ፣ በስልክ ኮድ የሚገባበትን ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሪ።

በዚያ ላይ ፖርቱን ብትከፍቺውም ላይሠራ ይችላል። የራውተሩ የውጭ አይፒ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ከብዙ ደንበኞች ጋር የምትጋሪው ነው፣ ከውጭ ወደ አንቺ መግቢያ የለውም። ቴይልስኬል የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ፣ ናሱም ላይ ስልክሽም ላይ። ዋየርጋርድ በሚባለው የተቆለፈ የግል መስመር (ቪፒኤን) የሚሠራ ነው፣ ፖርት አይፈልግም፣ የሚገባው የአንቺ አካውንት ያለበት መሣሪያ ብቻ ነው። ለደንበኛ ለማሳየት ግን ትንሽ ቅጂ አዘጋጂ፣ የቤት ኢንተርኔት ወደ ላይ ሲልክ ቀርፋፋ ነው። በ10 ሜጋ ቢት 200 ጊጋ ልላክ ብትዪ ሁለት ቀን ሊሞላው ነው።

ናዝሬት የምታስቀምጪው ቅጂ ከዚህ ሁሉ በላይ ይጠቅምሻል። ናሱ ቢሰረቅ፣ እሳት ቢነሳ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ ወይም ከመብረቅ ጋር የመጣ ኃይል ሁሉንም በአንዴ ቢያቃጥል፣ ሦስቱም ዲስኮች ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለት ትልልቅ ኤክስተርናል ያዢ። አንዱ ናሱ ላይ ተሰክቶ ባክአፕ ይወስዳል፣ ሌላው እናትሽ ጋ ይቀመጣል፣ ልትጠይቂያት በሄድሽ ቁጥር ትቀያይሪያቸዋለሽ። ባክአፑ በፓስወርድ የተቆለፈ ይሁን፣ የሰው ሰርግ ነው። ከዚያም አንድ ሰርግ መርጠሽ ከኤክስተርናሉ ወደ ላፕቶፕ መልሺና ቪዲዮው እስከ መጨረሻው መጫወቱን እዪ።

ሳሪስ ስቱዲዮ፦

ስዊቿ ገብታ 108 ላይ ደርሷል፣ ወንድሜ ማመን አቅቶት ደጋግሞ ነው የሚልከው። ፖርቱንም አልከፈትኩም። የመጨረሻ ጥያቄ፣ በየጊዜው ምን ምን ልከታተል? ጥር ላይ እኮ ቁጭ ብዬ ይሄን የማየት ጊዜ የለኝም።

መስመር ዘርጊ፦

ጥር ላይ አትነካኪውም። ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ ይቆማል አይደል፣ ትልቁን ሥራ ያኔ ሥሪ፦ አፕዴት፣ አቧራ ማራገፍ፣ የዩፒኤስ ሙከራ፣ የድሮ ሥራ ማጥራት። አቧራውን ናሱን ዘግተሽ በለስላሳ ብሩሽ አንሺ፣ ፋኑ እንዳይዞር በጣትሽ ያዢው።

የቀረውን ለራሱ ተዪለት። ናሱ ላይ በየሳምንቱ አጭሩን፣ በየወሩ ረጅሙን የዲስክ ምርመራ ቀጠሮ ያዢለት። ዳታ ስክረቢንግ የሚባለውንም በወር አንዴ፤ እሱ እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ የተበላሸ ካለ ከሌላው ዲስክ ያስተካክላል። ችግር ሲኖር ኢሜይል እንዲልክልሽ አድርጊና የሙከራ ኢሜይሉ ስልክሽ ላይ መድረሱን እዪ፣ ስፓም ውስጥ ገብቶ ይሆናል። የዲስክ ሪፖርት ስታዪ የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን ሦስት መለያ ቁጥሮች ፈልጊ፦ 5፣ 197 እና 198። ትይዩአቸው ያለው ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። ዜሮ ሳይሆን ቀርቶ ከወር ወር እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እስኪሞት ሳትጠብቂ ሌላ አስመጪ፣ እኛ ጋ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃልና። 199 ከጨመረ ግን ብዙ ጊዜ የኬብል ወይም የመሰኪያ ጉዳይ ነው።

አሁን ሁሉም ጤነኛ እያሉ የየዲስኩን ሴሪያል ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ናሱ ላይ በየዲስኩ መሳቢያ ፊት ለፊት ለጥፊ። አንድ ዲስክ ሲሞት ሬይድ 5 ሌላ አንድ ስህተት አይችልም፤ ተሳስተሽ ጤነኛውን ከመዘዝሽ ቮልዩሙ በሙሉ ይወድቃል። ቀይ የበራውንና ሴሪያሉን አገናኝተሽ ነው የምታወጪው። አዲሱ ገብቶ ግልባጩ እስኪያልቅ ደግሞ ባለ 8 ቴራ ላይ አንድ ቀን ገደማ ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ መሀል ከባድ ሥራ አትጫኚበት፣ ከመጀመርሽ በፊትም ባክአፑ የቅርብ መሆኑን አረጋግጪ።

የባክአፑን መክፈቻ ፓስወርድ ደግሞ ናሱ ላይ ብቻ እንዳታስቀምጪው። ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ አንዱ አንቺ ጋ፣ አንዱ ወንድምሽ ጋ፣ ከኤክስተርናሉ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሁን።